ሰባቱ ሰላሞችና የጭዱ ክፍል

ክፍሉን የሠራችው ደብረወርቅ ናት። ማንም አላስተማራትም። በጸሐፊነት በምትሠራበት አውራጃ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር ተጥሎ አይጥ ጠርዙን የበላው አንድ ቀጭን መጽሔት አገኘች። ድምፅ በባዶ ግድግዳ ላይ እንደ ኳስ እንደሚነጥር፣ ለስላሳ ነገር ካገኘ ግን እንደሚሰክን ከዚያ አነበበች። ሥዕሉ ላይ ግድግዳው ስፖንጅ ለብሷል። መካነ ሰላም ላይ ስፖንጅ ከየት ይመጣል? ጭድ ግን አለ። አርባ ሁለት ጆንያ በጭድ አስጠቅጥቃ ከኪነት አዳራሹ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል ከወለል እስከ ጣራ ለበጠቻት። በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ ቸነከረች። ጣራው ላይ ከተማሪ ማደሪያ የተጣሉ ፍራሾች አሰቀለች። ሥራው ሲያልቅ መሀል ቆማ አንድ ጊዜ አጨበጨበች። ጭብጨባው ከእጇ ወጥቶ እዚያው እጇ ላይ ሞተ። እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም።

የኪነት ልጆች «የቁንጫ ስቱዲዮ» አሏት። ደብረወርቅ መልስ አታጣም። «ያንተ ዘፈን እኮ ቁንጫ እንኳ አይቀሰቅስ» ብላ ክራር መቺውን አፉን አስያዘችው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠች፣ የቀረውን ራሷን በራሷ ያስተማረች፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንቱን ሽማግሌ ፊደል ያስቆጠረች ልጅ ናት። በሃያ አራት ዓመቷ «ለምን አታገቢም?» ለሚላት ሁሉ «የሚያነብ ሰው ይምጣና እናያለን» ትላለች።

ክፍሉን የሠራችው ግን ለኪነት ብላ አይደለም። ለአባቷ ነው።

አባቷ መሪጌታ ላቀው ሰባቱን ሰላሞች የሚያውቁ የመጨረሻ ሰው ናቸው። ሰላም ማለት ማኅሌቱ ሲያበቃ ካህናቱ የሚያሰናብቱበት ዜማ ነው፤ በየደብሩ አለ። የዚህ ደብር ሰባቱ ግን ከመምህር ወደ ተማሪ በአፍ ብቻ የወረዱ፣ በብራና ላይ ምልክት ያልሰፈረላቸው፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የሚነሣባቸው፣ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቀለበት ከጠፋ የቀረው ሁሉ ይበተናል። መሪጌታ ከመምህራቸው ተቀበሏቸው። የሚቀበላቸው ግን ጠፋ። ከተማሪዎቻቸው ገሚሱ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ተጫነ፣ ገሚሱ ደሴ ወርዶ የመኪና ረዳት ሆነ። አንዱማ ካድሬ ሆኖ፣ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ይላል። ደብረወርቅ ደግሞ ሴት ናት፤ ሴት የዜማ ተማሪ ሆና አታውቅም። ከደሴ ባህል ጽሕፈት ቤት «ጥንታዊ ዜማ ያላቸውን አባቶች አሳውቁን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የአባቷን ስም በገዛ እጇ ጻፈች፤ በማግስቱም ጆንያ መሰብሰብ ጀመረች።

ዜማውን የሚቀዳው ሰው በዓመቱ መጣ። ኅዳር ሰባ አምስት ነበር፤ አዝመራው ታጭዶ ነፋሱ ብቻ የቀረበት ወር። አቶ ብዙነህ ይባላሉ። አምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ የሚያስሉ፣ ኮታቸው በአቧራ ቀለሙን የለወጠ ሰው ናቸው። ከመኪናው ሲወርዱ መጀመሪያ ያወረዱት እግራቸውን ሳይሆን መቅጃ መሣሪያቸው ያለበትን የብረት ሳጥን ነበር።

«ወረኢሉ ላይ ሁለት ቀን ከመኪናው ሥር ተኛሁ» አሉ። «ዓርብ እኩለ ቀን እመለሳለሁ። ሾፌሩ ከዚያ በላይ አንዲት ደቂቃ አይሰጠኝም። የት ነው ቤታቸው?»

«ቤታቸው ምን ያደርጋል?» አለች ደብረወርቅ። «ስቱዲዮ አለ።»

አቶ ብዙነህ የጭዱን ክፍል በር ከፍተው አዩ። ገቡ። ሳሉ። ሳላቸው እንኳ ተመልሶ አልመጣም። ሊስቁ ብለው ደከማቸው መሰል ተዉት።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ ነሽ። ግን እኔ ሰውን የምቀዳው በቤቱ ነው፣ እቴ። ሰው ድምፁን ከቤቱ ጋር ነው ያሳደገው። ከቤቱ ስታወጪው ግማሹ ድምፅ እዚያው ይቀራል።»

«እዚያው የሚቀረው ግማሽ የዶሮና የፍየል ነው።»

«ዶሮውም ቢሆን የሀገሩ ዶሮ ነው» አሉና ሳጥናቸውን አነሡ።

የመሪጌታ ላቀው ቤት ከደብሩ ግርጌ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ ዙሪያው ክብ። ከመደቡ ጀርባ አጭር የጭቃ ግርዶሽ አለ፤ ከግርዶሹ ወዲያ ጓዳው። ረቡዕ ጥዋት መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እናቷ የዓለምዘርፍ ጓዳ ገብታ ጥጧን ትፈትላለች። ጠላ ቀድታ ለእንግዳው ከሰጠች በኋላ የእንዝርቷ ሹክሹክታ ካልሆነ በቀር መኖሯም አይታወቅም። እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት።

አቶ ብዙነህ ማይክሮፎኑን እንጨት ላይ አስረው፣ የቴፑን ክር ጠምጥመው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው በጣታቸው ምልክት ሰጡ። መሪጌታ አነሡ።

ደብረወርቅ በሩ አጠገብ ተንበርክካ ትሰማ ነበር። ሰባ ዓመት የሞላው ጉሮሮ ነው፤ ጠርዙ ተሸርፏል። ግን የመጀመሪያው ሰላም ክቡን ግድግዳ ይዞ ሲዞር፣ ሊያልቅ ሲል ከሥሩ ሁለተኛው ሲወጣ፣ ደብረወርቅ የበሩን መቃን ጨብጣ ያዘች። ሦስተኛው ተነሣ። አቶ ብዙነህ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ማዳመጫውን ጫን አደረጉት። እጃቸውን አነሡና አቆሟቸው።

«ይቅርታ መሪጌታ። የሆነ ነገር ያጉረመርማል።»

«ምን?»

«አላወቅሁትም። ከሥር ነው። ቀጭን ነው፤ አንድ ዜማ ሊያልቅ ሲል ይመጣል።» ተነሥተው ጣራውን አዩ። «የንብ ቀፎ አለ?»

«የለም።»

ግድግዳውን በጆሯቸው ዞሩት። ሳጥኑን ከፍተው ዘጉ። በመጨረሻ ትንፋሻቸውን አወጡ። «ቤቱ ነው። ክብ ቤት አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። ድምፁ ሲዞር ይሰበሰብና ግድግዳው ራሱ ይዘምራል።»

«እኮ!» አለች ደብረወርቅ ከበሩ። ደስታዋን ልትደብቀው አልሞከረችም። «ግድግዳ ይዘምራል፣ ዶሮ ይዘምራል። ለዚህ አይደል እንዴ ጭዱን የጠቀጠቅሁት?»

አቶ ብዙነህ አባቷን አዩ። አባቷ ግርዶሹን አዩ። ከዚያ «እንዳላችሁ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ሄዱ። መሪጌታ ደፉ ላይ ቆመው በመቋሚያቸው ጆንያውን ወጋ ወጋ አደረጉ።

«ጎተራ ነው?»

«ስቱዲዮ ነው፣ አባባ።»

«ጤፍ ባስቀመጥሽበት ይሻል ነበር።» ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዴ አጎነበሱ፣ አንዴ ቀና አሉ፤ ሰው በማያውቀው አልጋ ላይ እንደሚገላበጠው።

ክሩ ዞረ። የመጀመሪያው ሰላም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ደብረወርቅ ከክፍሉ ጥግ ሆና አቶ ብዙነህን አየች፤ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ልቧ ሞላ። ዜማው ወደ ፍጻሜው መጣ። ሁለተኛው የሚነሣበት ቦታ ደረሰ። አባቷ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

«ቆይ» አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው። እዚያው ቦታ ላይ ደርሰው ቆሙ። ሦስተኛ ጊዜ ሁለተኛውን ዘለው ወደ አራተኛው ሄዱ፤ ራሳቸው ሰምተው ደነገጡ። ላብ ከጥምጥማቸው ሥር ወረደ። አንገታቸውን ያክካሉ፤ ቁንጫው ሥራውን አልተወም።

«ቤቱ አልመለሰልኝም» አሉ በመጨረሻ፤ ለማንም ሳይሆን ለመቋሚያቸው። «ቤቴ ይመልስልኛል። እዚህ የምለው ሁሉ ሰው እንደማያነሣው ዕቃ መሬት ይወድቃል። እኔ ልሂድ።»

አቶ ብዙነህ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አወረዱ። «ነግሬሽ ነበር» አላሉም። ቢሉት ይሻላት ነበር፤ መልስ አላት። አርባ ሁለቱ ጆንያዎች ከበዋት ቆማ፣ ስንት ቀን በትከሻዋ እንደተሸከመቻቸው ያን ጊዜ ተሰማት።

ሐሙስ ጥዋት አቶ ብዙነህ የሁለቱን ወገን ማስታረቂያ አመጡ። ቅጂው በቤት ይሆናል፤ ለጉርምርምታው ደግሞ ከደብረወርቅ ጆንያዎች ሦስቱ ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ። «ከቤት ያለ ነፍስ ሁሉ ይውጣ» አሉ። «ዶሮም፣ ፍየልም፣ ሰውም። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎም።»

የዓለምዘርፍ ከጓዳ ብቅ አለች። ባሏን አየች። መሪጌታ ጉልበታቸውን ያዩ ነበር። እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ወጣች።

ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር ጎረቤታቸው ዘይነባ ተቀምጣ ነበር። ወንፊት ልትመልስ መጥታ፣ የመኪናውን እንግዳ ልታይ ቀርታለች። እናትና ልጅ ከጎኗ ተቀመጡ። ግድግዳው ወፍራም ቢሆንም በጣራው ክፈፍ በኩል ድምፁ ይወጣል።

«ዛሬ ደግሞ አባወራሽ ብቻቸውን?» አለች ዘይነባ ለየዓለምዘርፍ።

«ዝም በይ እስኪ፣ ይሰማል» አለች የዓለምዘርፍ።

ውስጥ የመጀመሪያው ሰላም ተነሣ። ደብረወርቅ ጉልበቷን አቅፋ፣ ትናንት የተሰበረበትን ቦታ እየጠበቀች፣ ባጋጣሚ ወደ እናቷ ዞረች።

የእናቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

መጀመሪያ ጸሎት መሰላት። ከዚያ ልብ አለች፤ ከንፈሩ ከአባቷ ድምፅ ጋር አይደለም የሚሄደው። ይቀድማል። አባቷ ገና ያላሉትን እናቷ ብላዋለች። ዜማው ሊያልቅ ሲል የዓለምዘርፍ አንገቷን ወደ ግድግዳው ዘንበል አደረገች፤ ከጉሮሮዋ አንድ ቀጭን እምምታ ወጣ፤ የሁለተኛው ሰላም መነሻ። ነፋሱ ወሰደው። ውስጥ አባቷ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ቆሙ። እናቷ እንዝርቱን ጭብጥ አድርጋ፣ ሰው ሲሰምጥ ከወንዙ ማዶ ቆማ እንደምታይ ሴት፣ ወደ ግድግዳው ታያለች።

«እማዬ» አለች ደብረወርቅ።

«ምን ሆንሽ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ምኑ?»

«የሚያጉረመርመው!»

ዘይነባ ሳቀች። «ወላሂ፣ ልጅሽ ዛሬ ነው የሰማችሽ? እኔ ከስንት ዓመት ጀምሮ በአጥሩ እሰማችኋለሁ። ጥዋት ጥዋት እርሳቸው ሲሉ፣ አንቺ ስታቀብይ። ከብቶቼ እንኳ ያውቁታል። ይሄ ሁሉ ማንበብ ምን ጠቀማት?»

ደብረወርቅ ዓይኗን ከእናቷ ከንፈር አላነሣችም። ዘይነባም ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ከፊታቸው አይታ ወንፊቱን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። «አብሽሩ፣ ከኔ አይወጣም» ብላ ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ደብረወርቅ።

«ተማሪዎቹ ከተበተኑ ወዲህ። መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ቀጥሎ ሁለት ቦታ። ዜማውን አይረሱም፤ መገጣጠሚያውን ነው የሚረሱት። ጫፉን ከሰጧቸው የቀረውን ይወስዱታል።» የዓለምዘርፍ ጥጧን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ማኅሌት ላይ ችግር የለም። አንዱ ካህን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል፤ የማን እንደጠፋ ማን ያውቃል? እዚህ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው።»

«አንቺ ከየት ተማርሽው?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ሠላሳ ዓመት ጓዳ ተቀመጥሁ። አንድ ተማሪ ሲሳሳት እርሳቸው ያርማሉ፤ ሌላው ሲሳሳት ያርማሉ። እኔ ምን ጆሮዬን ልድፈን?»

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ... ስንት ጆንያ...»

«ላንቺ ከነገርሁ ለአውራጃው ነገርሁ ማለት ነው፣ ልጄ። ምላስሽን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የወለድሁት።» ክፋት የለውም አነጋገሯ፤ ድካም ብቻ። «ሰበካው ዘንድሮ ከኩታበር ወጣት መሪጌታ እናምጣ እያለ ነው። ላቀው አርጅቷል ይላሉ። በሚስቱ አፍ ይዘምራል ከተባለማ በማግስቱ መቋሚያውን ይቀበሏቸዋል። መሬቱን አዋጅ ወሰደው። የቀራቸው ይኸው ስማቸው ነው።»

በሩ ተከፈተ። መሪጌታ ወጡ፤ በአንድ ሌሊት ያረጁ ይመስላሉ። አቶ ብዙነህ ከኋላቸው ክሩን እየጠመጠሙ ነበር።

«ትናንት ጥዋት ይህ ቤት ዜማ ያውቅ ነበር» አሉ አቶ ብዙነህ። «ዛሬ አኮረፈ። የቀረኝ ባትሪ ሰባቱን አንድ ጊዜ ቢያስጨርሰኝ ነው። ነገ ጥዋት እሞክራለሁ፤ ካልሆነ...» አልጨረሱትም። ሳሉና ወደ ማረፊያቸው ወረዱ።

ደብረወርቅ አባቷን ከአጥሩ ጥግ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስትሄድ የምትናገረውን አሰናድታ ነበር፤ ሹል ሹል ቃል። አጠገባቸው ስትደርስ ሹሉ ሁሉ ዶለዶመ። ሰው ሊወስድባቸው የመጣ ይመስል መቋሚያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል።

«አባባ፣ ቤቱ አይደለም የሚመልስልዎ።»

መሪጌታ ወደ አጥሩ ዞሩ።

«ያውቃሉ አይደል?»

«ቤቱ ነው» አሉ መሪጌታ።

«አባባ...»

«ቤቱ ነው አልሁሽ!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እርሷ ሳይመልሱ፣ ዝቅ አድርገው ተናገሩ። «ሦስቱን ጆንያሽን አውርጂ። ጓዳውን ማንም አይንካው። እዚያ ያለው እንዳለ ይሁን። ለሰውየው እንዲህ በይው፤ ሽማግሌው ያለ ጓዳው አይዘምርም በይው። የፈለገውን ይሳቅ።»

ደብረወርቅ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እውነቱን ማውጣት ምን ችግር አለው?» ትላቸው ነበር። አሁን ግን ችግሩ ምን እንደሆነ እጃቸው ላይ እያየችው ነው። ገብታ ጆንያዎቹን አወረደች። የመጨረሻው ሲወርድ ጭዱ ፈሶ ፀጉሯ ላይ ቀረ፤ አላራገፈችውም።

ዓርብ ጥዋት ሁሉም ቀድሞ ቦታው ገባ። አባቷ መደቡ ላይ። እናቷ ከግርዶሹ ወዲያ። አቶ ብዙነህ ከመሣሪያቸው ፊት። ደብረወርቅ ከአጠገባቸው፣ እጇ ሊደርስ ከሚችልበት።

አንደኛው ሰላም። ሊያልቅ ሲል ያ ቀጭን እምምታ መጣ፤ አሁን ስለምታውቀው ያለ ማዳመጫም ሰማችው። አባቷ ጫፉን ያዙ፤ ሁለተኛው ተነሣ። አቶ ብዙነህ ፊታቸውን አጨፍግገው እጃቸውን ወደ መዝጊያው ሰደዱ። ደብረወርቅ እጃቸውን በእጇ ያዘችው።

በዓይናቸው «ያጉረመርማል» አሏት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ያጉረምርም።

በከንፈራቸው ብቻ «ከትናንት ወዲያ ክፍሌ፣ ክፍሌ ስትይ?» አሉ።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «ተሳስቼ ነው» አለች። ለማንም ብላ የማታውቀው ቃል ነው፤ አፏ ላይ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆነባት። አቶ ብዙነህ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ላይ አባቷ ትንፋሽ አጥሯቸው ዘገዩ፤ እምምታው ቀደማቸው፤ አንድ አፍታ ሁለቱ ድምፆች ተለያይተው፣ አንዱ ወንድ አንዱ ሴት ሆነው ተሰሙ፤ መልሰው ተገጣጠሙ። ደብረወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ስድስተኛው። ሰባተኛው ሲያበቃ የሚያቀብል ድምፅ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያ የሚነሣ የለምና። ክሩ ባዶ ጸጥታ እየቀዳ ጥቂት ዞረ። ፍየሏ ከውጭ ጮኸች። አቶ ብዙነህ ዘጉት።

«አለቀ» አሉ። ማዳመጫውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹ። «ሰባቱም አሉ። መሪጌታ፣ ሰባቱም።»

መሪጌታ ግድግዳው ላይ ተደገፉ።

አቶ ብዙነህ ቅጽ አውጥተው ለደብረወርቅ ሰጧት፤ «የእጅ ጽሕፈትሽ ካንድ ዓመት በፊትም አስደስቶኝ ነበር።» የተቀዳበት ቀን። የተቀዳበት ስፍራ። የዜማው ዓይነት። ያዜመው ሰው ስም። ብዕሯ እዚያ ላይ ቆመ። ግርዶሹን አየች። እናቷ ከግርዶሹ ጫፍ ግማሽ ፊቷን አውጥታ ታያት ነበር፤ ራሷን ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ደብረወርቅ «መሪጌታ ላቀው» ብላ ጻፈች። አጭር መስመር ነው፤ ለመጻፍ ግን ከአርባ ሁለቱ ጆንያ ይልቅ ከበዳት።

«ባትሪው ጥቂት ነፍስ አለው» አሉ አቶ ብዙነህ። «ከመሀሉ ላሰማችሁ።» ክሩን ወደ ኋላ መለሱና ለቀቁት። ከሳጥኑ የአባቷ ድምፅ ወጣ፤ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው እየሄደ። መሪጌታ የራሳቸውን ድምፅ ከውጭ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ደነገጡ፣ ከዚያ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ተማሪ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ጀመር። አምስተኛው ደረሰ። ሁለቱ ድምፆች ተለያዩ።

መቋሚያቸው መሬቱን መታ።

«ቸኮልሽ» አሉ።

ሳጥኑ ብቻ ይዘምራል።

«የዓለምዘርፍ! እዚህ ጋ ቸኩለሻል እኮ። መነሻው ወርዶ ነው የሚነሣው። ተንጠልጥለሽ ገባሽ።»

ደብረወርቅ አፏን ያዘች። ሠላሳ ዓመት ሌላውን ሁሉ ሲያርሙ ኖረዋል፤ እርሷን አርመዋት አያውቁም።

«እኔ ምን ቸኮልሁ?» አለ የእናቷ ድምፅ ከጓዳ። «ትንፋሽዎን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። እዚያ ጥዬዎት ልቅር?»

አቶ ብዙነህ መሣሪያውን ዘጉት። ግርዶሹን አዩ፤ መሪጌታን አዩ፤ ደብረወርቅን አዩ። የገባቸው ነገር ፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ተነጠፈ። እጃቸውን ወደ ቅጹ ዘረጉ።

«መሪጌታ» አሉ በዝግታ፣ «እማማንም ልጻፋቸው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እርሷን ጠይቃት።»

የዓለምዘርፍ ከግርዶሹ ወጣች። ነጠላዋ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ወገቧን ይዛ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንግዳ ባለበት ከባሏ ጎን ስትቀመጥ ደብረወርቅ አይታት አታውቅም።

«አይ ወንድሜ፣ ተወው» አለች። «ስም ሲጻፍ ጠያቂ ይመጣል። ጠያቂ ሲመጣ መልስ ያስፈልጋል። ደክሞኛል።»

«እማዬ!» አለች ደብረወርቅ።

«አንቺም ተዪው። ዜማው ገባ አይደል? ይበቃናል።»

ውጭ የሾፌሩ ጡሩንባ ጮኸ። አቶ ብዙነህ ቅጹን እንዳለ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሳጥኑን ቆለፉ፣ ለሁለቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ለየዓለምዘርፍ ረዘም አድርገው። ደብረወርቅ ሳጥኑን ልታግዛቸው ተነሣች።

ከበሩ ሳትወጣ አባቷ ሲናገሩ ሰማች።

«በይ፣ ከአምስተኛው አንሺ።»

«አሁን? መሣሪያው እኮ ሄደ።»

«ለመሣሪያው አይደለም። ቸኩለሻል፤ እንዳለ ይቆይ?»

«ደክሞኛል አልሁዎ፣ መሪጌታ።»

«እኔም ደክሞኛል። አንሺ።»

ከዚያ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ እምምታ ሳይሆን፣ አፉ ተከፍቶ፣ በቃሉ፣ ዝቅ ብሎ የተነሣ። አባቷ በመቋሚያቸው ምቱን ያዙላት።